«ከየት ልጀምር?» ለሚል ወጣት

ሰው የማያውቀውን ነገር ለማወቅ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያስቸግረው የዕውቀቱ ክብደት አይደለም፤ የበሩ መጥፋት ነው። ቤቱን ከሩቅ ያየዋል፤ ጢሱንም ያያል፤ ሰዎች ሲገቡና ሲወጡም ይመለከታል፤ ዳሩ ግን አጥሩን እየዞረ በሩን ያጣዋል። ዞሮ ዞሮ ሲደክመው «ይህ ቤት ለእኔ የተሠራ አይደለም» ብሎ ይመለሳል። በዘመናችን ይህ ነገር ከሁሉ አብልጦ የሚታየው በኮምፒውተር ፕሮግራም ትምህርት ይመስለኛል።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ በመንዝ ደጋ ከሚገኙት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ተማሪዎች ከክፍል ስወጣ ጠብቀው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ቲቸር፣ ኮዲንግ መማር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ይላሉ። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ተቀጥረው ከኮምፒውተር ፊት የሚውሉ ወጣቶችም ይህንኑ ይጠይቁኛል። ጠያቂው የመሐል ሜዳ ልጅ ይሁን የሞላሌ፣ የግሼ ራቤል ይሁን የመርሐ ቤቴ፣ የጥያቄው ቃል አይለወጥም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በየመንገዱ ከምመልስ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ብመልስ ይሻላል አልሁ።

ጥያቄው ቀላል ጥያቄ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል የማለፊያውን ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ሆነ። የቀሩት አያሌ ወጣቶች ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አእምሮ አላቸው፤ ጊዜም አላቸው፤ ብዙዎቹም ስልክ አላቸው። የሌላቸው ነገር «ከዚህ ጀምር» የሚላቸው ሰው ነው። ይህን ሳስብ ጥያቄውን በፈገግታ ማለፍ አይቻለኝም።

እርግጥ ነው፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች የተባለውን ፕሮግራም ጀምሯል። የድረ ገጽ ሥራ፣ የአንድሮይድ ፕሮግራም፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መነሻ ትምህርቶች በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ቀርበዋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለአንድ ዓመት ገደማ በክልላችን በብዙ ቦታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። መብራት የሚጠፋበትም ቀን ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ለደገኛ ተማሪ «ኢንተርኔት ገብተህ ተማር» ብሎ መናገር ግማሽ መልስ ነው። ሙሉው መልስ ምን እንደሚፈልግ፣ ካገኘው በኋላ እንዴት ይዞት ወደ ቤቱ እንደሚገባ፣ ከገባም በኋላ እንዴት እንደሚያጠናው መንገር ነው።

በመጀመሪያ፣ ምን ይፈልግ?

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዘንድ «ምስክር» የሚባል ቃል አለ። ድጓ የሚያስተምር መምህር በብዙ ደብር ይገኛል፤ ይሁን እንጂ ተማሪው ማስመስከር ሲፈልግ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል። አቋቋምም እንዲሁ ምስክሩ ጎንደር ነው። በመምህራን መካከል ልዩነት ሲነሣ ምስክሩ የሚለው ይጸናል። የዱሮ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ ጥርስ እየተከላከለ ያን ሁሉ አገር የሚያቋርጠው በአቅራቢያው መምህር ጠፍቶ ሳይሆን ትምህርቱን ከምንጩ ለመቅዳት ነበር።

የፕሮግራም ዓለምም ምስክር አለው። እያንዳንዱ የፕሮግራም ቋንቋ፣ እያንዳንዱም መሣሪያ የሠሩት ወይም የሚጠብቁት ሰዎች አሉት፤ እነዚያም ሰዎች ለጀማሪ የሚሆን መምሪያ ጽፈው በነጻ ያቀርባሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 ጊዶ ቫን ሮሱም የተባለው ሆላንዳዊ ለሕዝብ ያቀረበው ፓይተን የተባለ ቋንቋ በፓይተን ዶት ኦርግ ላይ የራሱ መማሪያ አለው። በዚህ መማሪያ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተማሪው ፓይተንን እንደ ሒሳብ ማስሊያ እየተጠቀመ፣ ሁለትና ሁለትን እየደመረ ይጀምራል። ጃንጎ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያም ጀማሪውን እጁን ይዞ አንዲት ትንሽ የድምፅ መስጫ ገጽ ደረጃ በደረጃ የሚያሠራ መማሪያ አለው። የድረ ገጽ ቋንቋዎችን ለመማር ሞዚላ የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው ኤም ዲ ኤን የተባለ መዝገብ የታመነ ነው። እንግዲህ አዲስ ስም በሰማችሁ ጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «ምስክሩ ከማን ዘንድ ነው?» የሚል ይሁን።

ይህን ያህል ስለ ምስክር የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ አሮጌ መጻሕፍት ጀማሪውን ክፉኛ ያሳስቱታል። ፓይተን ሁለተኛና ሦስተኛ እትም አለው። በሁለተኛው እትም አንድን ቃል ለማሳየት «ፕሪንት» ብሎ ቃሉን ማስከተል ይበቃ ነበር፤ በሦስተኛው እትም ግን ቃሉ በቅንፍ ውስጥ መግባት አለበት። የሁለተኛው እትም ጥበቃ እ.ኤ.አ. በጥር 1 ቀን 2020 አብቅቷል። አንድ ልጅ ግን በ2002 ዓ.ም. የተጻፈ መጽሐፍ በቴሌግራም አግኝቶ የመጀመሪያዋን መሥመር እንደ መጽሐፉ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩም «ስሕተት ነው» ይለዋል። ልጁ መጽሐፉን አይጠረጥርም፤ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። በመጀመሪያው ገጽ፣ በመጀመሪያው መሥመር ላይ «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን ነገር ምን አለ? በአንድ ቅንፍ ምክንያት የአንድ ሰው መንገድ ተዘጋ።

ስለዚህ ማንኛውንም መማሪያ ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት ነገር ተመልከቱ። ማን ጻፈው? መቼ ተጻፈ? ለየትኛው እትም ተጻፈ? ሦስቱን ለመመለስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያድነው ጊዜ ግን ወራት ነው።

ምስክሩን ካወቁ በኋላ ሌላ መምህር መጨመር ነውር አይደለም። በፊንላንድ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ2019 ፓይተንን በ30 ቀን ከፋፍሎ የሚያስተምር ጽሑፍ በጊትሀብ ላይ በነጻ አውጥቶ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ሰዎች ይማሩበታል። ፍሪ ኮድ ካምፕ የተባለውም የበጎ አድራጎት ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ ያለ ዋጋ ያስተምራል። በአማርኛ የሚያስተምሩ ወጣቶችም በዩቲዩብ አሉ። እነዚህ ሁሉ የደብር መምህራን ናቸው እንበል፤ ያብራራሉ፣ ያቃልላሉ፤ ስትጠራጠሩ ግን ወደ ምስክሩ ትመለሳላችሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ፤ ይዞ ወደ ቤት ስለ መግባት።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ቢኖር ከእነዚህ መማሪያዎች ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ተጭነው ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚነበቡ መሆናቸው ነው። የፓይተን ሙሉ መምሪያ ለማንበብ እንዲመች ሆኖ በአንድ ላይ ተጠቅልሎ ይሰጣል፤ የሚይዘውም ቦታ ከአንድ የሠርግ ቪዲዮ እጅግ ያነሰ ነው። ራስት የተባለው ቋንቋ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን የመማሪያ መጽሐፉን አብሮ ይዞ ይመጣል። ኪዊክስ የተባለ ፕሮግራም ዊኪፒዲያንና ሌሎች የትምህርት ገጾችን ያለ መስመር ለማንበብ ያስችላል። ዴቭዶክስ የተባለውም የአያሌ ቋንቋዎችን መምሪያ በአንድ ቦታ ሰብስቦ ለብቻ እንዲቀመጥ ያደርጋል።

ኮምፒውተር የለኝም ለሚልም መልስ አለ። ፓይድሮይድ 3 የተባለው ፕሮግራም በአንድሮይድ ስልክ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ፓይተንን ያሠራል። የድረ ገጽ ሥራ ለመጀመርም አንድ ጽሑፍ መጻፊያና በስልኩ ያለው ብራውዘር ይበቃሉ። እውነቱን ለመናገር በስልክ ላይ መጻፍ ጣት ያደክማል፤ ዳሩ ግን የጀማሪ ፕሮግራም ከአሥር መሥመር አይበልጥምና ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ደብረ ብርሃን ለጉዳይ የሚሄድ ሰው፣ ወይም በዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጎረቤት ልጅ ለበዓል ሲመጣ በአንዲት ፍላሽ ይህን ሁሉ ሊያመጣ ይችላል። የሚላከው ሰው ግን ስሙን በወረቀት ተጽፎ ይያዝ፤ «የኮምፒውተር መጽሐፍ አምጣልኝ» ቢባል ያገኘውን ሁሉ ያመጣል። በየከተማችን ሙዚቃ በሚሞሪ ጭነው የሚሸጡ የሞባይል ቤቶች አሉ፤ አንድ ጊዜ ፋይሉን ብትሰጧቸው ለሚቀጥለው ተማሪ በዚያው መንገድ ሊደርስ ይችላል። የወረዳ ሠራተኛ የሆናችሁ ደግሞ በቢሮ ያለው ኮምፒውተር የመንግሥት ንብረት መሆኑን አትርሱ፤ አለቃችሁን አስፈቅዱና ከሥራ ሰዓት ውጭ ተለማመዱበት። ትምህርታችሁ ለቢሮው ጭምር እንደሚጠቅም ብታስረዱ ብዙ አለቆች እንቢ አይሉም።

ይሁን እንጂ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መሰብሰብ መማር አይደለም። አንድ ተማሪ ስልኩን ሲያሳየኝ ከስድሳ የሚበልጡ መጻሕፍት አከማችቶ አየሁ። «ከእነዚህ የትኛውን ጨረስህ?» አልሁት። ዝም አለ። «የትኛውንስ ጀመርህ?» አልሁት። ፈገግ አለና «ቲቸር፣ የትኛው እንደሚሻል እያየሁ ነው» አለኝ። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ምርጫ የበዛበት ልጅ ነው። አባቶቻችን አንድ ዳዊት ይዘው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያነቡ ነበር፤ እኛ ስድሳ መጽሐፍ ይዘን አንድ ምዕራፍ ማንበብ አቃተን። ምክሬም ይህ ነው፤ አንድ ምስክር፣ አንድ አብራሪ መምህር፣ አንድ ደብተር። ለሦስት ወር ሌላ አትጨምሩ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ነገር አጠናኑ ነው።

አንድ ሕፃን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ሲቈጥር «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በዜማ ይወርዳል። ዜማው ይሸመደዳል፤ ስለዚህ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ሊያነበው ይችላል። ታዲያ ፊደሉን ለይቶ ይሁን ዜማውን ይዞ በምን ይታወቃል? አባቶቻችን ለዚህ መላ አበጁ። ሁለተኛ ገበታ ሠሩ፤ ይኸውም አቡጊዳ ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሲባል የፊደሉም ተራ የድምፁም ተራ ስለሚዘበራረቅ በዜማ ብቻ የመጣ ልጅ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ፊደሉን በመልኩ የለየ ልጅ ያልፋል።

የፕሮግራም ተማሪም አቡጊዳ ያስፈልገዋል። ምሳሌውን ከመጽሐፉ ገልብጦ ሲጽፈውና ሲሠራለት «አወቅሁ» ይላል፤ ነገር ግን ገና «ሀ ሁ ሂ» ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ምሳሌውን ይበጥብጠው። ቍጥሩን ይለውጥ፤ አንዱን መሥመር ያጥፋ፤ ሁለቱን መሥመር ያቀያይር። ከሁሉም በላይ ፕሮግራሙን ከማሠራቱ በፊት ምን እንደሚመልስ በደብተሩ ላይ ገምቶ ይጻፍ። ግምቱና የኮምፒውተሩ መልስ ከተስማሙ ምሳሌው የእርሱ ሆነ ማለት ነው። ካልተስማሙም የሚማረው ነገር የት እንዳለ አገኘ ማለት ነው።

በቪዲዮ ለሚማሩም ይህ ይጠቅማል። ታላላቆቻችን በፕላዝማ የተማሩበትን ጊዜ ሲያወሩ መምህሩ በፈጣን እንግሊዝኛ ተናግሮ እንደሚያልፍና ጥያቄ ቢኖራቸውም እንደማይቆምላቸው ይነግሩናል። የዛሬው ቪዲዮ ግን ይቆማል። አቁሙት! አምስት ደቂቃ አይታችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ ራሳችሁ ጻፉ። ቪዲዮ ሲታይ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሌላ ሰው ሲያርስ በሬው የሚታዘዝ እንደሚመስለው ማለት ነው።

ኮምፒውተሩ «ስሕተት» ብሎ ቀይ ጽሑፍ ሲያወጣም አትደንግጡ። ይህ ጽሑፍ ስድብ አይደለም፤ እርማት ነው። በፓይተን መጨረሻው መሥመር የስሕተቱን ዓይነት ይነግራችኋል፤ ከእርሱ በላይ ያለው ደግሞ በስንተኛው መሥመር ላይ እንደ ተገኘ ያመለክታል። ይህን ጽሑፍ በደብተር ገልብጡት፤ መድኃኒቱንም ስታገኙ ከጎኑ ጻፉት። ሃያ ስሕተት ከነመድኃኒቱ የጻፈ ተማሪ ስለዚያ ቋንቋ በገንዘብ የማይገዛ መጽሐፍ አለው።

እንግሊዝኛው ያስፈራኛል የሚል አለ። እውነት ነው፣ ትምህርቱ ሁሉ ማለት ይቻላል በእንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን ጀማሪ የሚያስፈልገው ቃል አርባ ወይም ሃምሳ ቢሆን ነው። እያንዳንዱን ቃል በገዛ አገራችሁ ነገር ተርጕማችሁ ጻፉት። ቫሪያብል ማለት ስም የተሰጠው ጎታ ነው፤ ዛሬ ገብስ፣ ነገ ባቄላ ሊቀመጥበት ይችላል። ፈንክሽን ወፍጮ ነው፤ እህል ይገባል፣ ዱቄት ይወጣል። ሉፕ ደግሞ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ ማለት ነው፤ ቃሉ ያው ነው፣ የመቁጠሪያው ፍሬ ብቻ አንድ በአንድ ያልፋል፤ ፍሬው ሲያልቅ ይቆማል። ይህን ጽፎ የያዘ ልጅ ቃሉን በእንግሊዝኛ ሲያገኘው እንደ ዘመድ ይለየዋል።

የመጀመሪያው የራሳችሁ ሥራ ምን ይሁን? መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ይሁን። መልሱ ካልታወቀ ፕሮግራሙ እውነት ይናገር ወይም ይዋሽ መለየት አይቻልም። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

አንደኛው ገዛ ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደ ተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። በዚህ መዝገብ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር አለው። በፓይተን ኦርድ የተባለውን ትእዛዝ ሰጥታችሁ ሀን ብትጠይቁ 4608 ይላችኋል። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ስለ ተሰጠው ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 ነው። አሁን ም የሚለውን ፊደል እንውሰድ፤ ቍጥሩ 4637 ነው። ከዚህ 4608 ሲቀነስ 29 ይሆናል። 29 ለ8 ሲካፈል 3 ይደርስና 5 ይተርፋል። ኮምፒውተር ከዜሮ ጀምሮ ስለሚቈጥር 3 ማለት አራተኛው ቤት፣ መ ነው፤ 5 ማለትም ስድስተኛው ድምፅ፣ ሳድስ ነው። እነሆ፣ በልጅነታችን በየኔታ አለንጋ የተማርነው ገበታ በመቀነስና በማካፈል ተመልሶ መጣ። ይህን ከሠራችሁ ቫሪያብልን፣ ትእዛዝን፣ ቀሪን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተማራችሁ።

ሁለተኛው ባሕረ ሐሳብ ነው። ሊቃውንቱ በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጡበት ይህ ሥርዓት በእውነቱ ከሆነ የተሟላ ፕሮግራም ነው። 5500 ዓመተ ፍዳ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ይደመራል፤ ለ2018 ዓ.ም. 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12 ይሆናል፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ ስሕተት ገብቷል ማለት ነው፤ ሊቃውንቱ መፈተኛውን እንኳ አብረው ሠርተዋል። መጥቅዕ ከ14 ስለሚበልጥ በዓሉ በመስከረም 18 ይውላል፤ ቀኑም እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ 7 ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ 25፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ገባ።

በፓይተን ሦስተኛ እትም የቫሪያብል ስም በፊደላችን መጻፍ ስለሚቻል ይህን ፕሮግራም «ወንበር»፣ «አበቅቴ»፣ «መጥቅዕ» እያልሁ ጻፍሁት። በአቅራቢያችን ለሚኖሩ የኔታ ባሳያቸው ጊዜ ዓመቱን ነገርኋቸው። ስልኩ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ የጣታቸውን አንጓ ቈጥረው «ጥር ሃያ አምስት ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ስልኩም ያንኑ ተናገረ። እርሳቸው ጥቂት ዝም ብለው «ይኸ ዕቃ ማን አስተማረው?» ብለው ጠየቁኝ። «እርስዎ ያስተማሩትን ነው የነገርሁት፣ የኔታ» አልኋቸው። «እንግዲያው ተማሪ ነው፤ መምህር አይደለም» አሉ። ስለ ኮምፒውተር ከዚህ የተሻለ አነጋገር አልሰማሁም።

ይህ ንግግር ዛሬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚጠየቀው ጥያቄም መልስ ይሆናል። አሁን አንድ ሰው ጥያቄውን ቢጽፍ መልሱን በጥቂት ሰኮንድ የሚጽፉለት መሣሪያዎች አሉ። አንድ መሥመር ምን ማለት እንደ ሆነ እንዲያብራሩ ብትጠይቋቸው ይጠቅማሉ። ግን የሚሳሳቱበት ጊዜ አለ፤ ሲሳሳቱም በድፍረት ይናገራሉ። ስለዚህ የነገሯችሁን በምስክሩ አመሳክሩት፤ በኮምፒውተራችሁም ፈትኑት። የቤት ሥራውን ለእነርሱ የሚሰጥ ጀማሪ ግን ታላቅ ወንድሙ ዳዊት እያነበበለት እርሱ አፉን የሚያንቀሳቅስ ልጅ ይመስላል። የኔታ «ብቻህን አንብብ» ባሉ ዕለት ጉዱ ይወጣል።

ስለ ምስክር ወረቀትም አንድ ቃል ልናገር። ብዙ ወጣት ሰርተፊኬት የሚሰጠውን ትምህርት ብቻ ይፈልጋል። ወረቀቱን አልንቅም፤ ለሥራ ማመልከቻ ያግዛል። ነገር ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ተብሏል። አንድ ወጣት የወረዳውን የውሎ አበል ሒሳብ የሚያሰላ፣ ወይም የመንደሩን ዕቁብ ዕጣ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ ቢያሳይ ወረቀት ብቻ ከያዘው ሰው ይልቅ የሚናገረው ነገር አለው።

ይህን የተማረ ሁሉ ሥራ ያገኛል ብዬ ቃል አልገባም። ከተማው ሩቅ ነው፤ የሥራው ውድድር ብርቱ ነው፤ ሰላምና መብራትም በእጃችን አይደሉም። እኔ የምለው ሌላ ነው። በፈተና ውጤት ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ ስለ ራሱ የተነገረው የመጨረሻ ቃል «አትችልም» የሚል ሆኖ እንዳይቀር እፈልጋለሁ። ትናንት ያላወቀውን ነገር ያለ ማንም ፈቃድ፣ በገዛ ትጋቱ ዛሬ ማወቅ እንደሚችል አንድ ጊዜ ያየ ሰው፣ ነገ የሚማረው ፕሮግራም ይሁን የንብ ርባታ፣ የጤና ትምህርት ይሁን የሕግ መጽሐፍ፣ በሩን እንዴት እንደሚፈልግ ያውቃል። የፕሮግራም ቋንቋዎች ይለዋወጣሉ፤ ዛሬ ስማቸው የገነነው ነገ ይረሳሉ። በር የመፈለግ ዘዴ ግን አይረሳም።

በመጨረሻም ብቻችሁን አትማሩ። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙ፤ አንዱ ያወቀውን ለሌላው ያስረዳ። ሴት እኅቶቻችሁን ከውኃና ከእንጨት ሥራ ተራ አውጥታችሁ አብራችሁ አስቀምጧቸው፤ ዕድሉ ቢሰጣቸው ከእናንተ እንደማያንሱ በክፍሌ አያለሁ። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል ለሚቈጥረው ያስተምር ነበር፤ የኔታ ብቻቸውን ያን ሁሉ ልጅ የሚያደርሱት በዚህ ዘዴ ነው። እናንተም አንድ ምዕራፍ በጨረሳችሁ ቀን ገና ያልጀመረ አንድ ልጅ ፈልጉ። «ከየት ልጀምር?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ፍላሿን ስጡትና የመጀመሪያውን ገጽ አብራችሁ ክፈቱ።